«ሁለት መቶ ብር ብቻ ናት»



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዒሻ በኋላ አንድ ወጣት መስጂዱ ጭር እስኪል ጠብቆ ወደ እኛ መጣ። በጀመዓ የምናውቀው ልጅ ነው። ሥራ አለው፣ እናቱን ይረዳል፣ ጫት አይቅምም፣ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ቆሞ ያየው ሰው የለም። «ኡስታዝ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅ» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና አምስት ጓደኞቹ ቅዳሜ ማታ በአንዳቸው ኮንዶሚኒየም ቤት ተሰብስበው ፖከር ይጫወታሉ። ጨዋታውን የተማሩት ከስልክ ነው፤ መጀመሪያ በነጻ በሚታደለው የውሸት ገንዘብ ሲጫወቱ ቆዩ፣ ኋላ ግን «ምንም ካልተያዘበት አይጥምም» ተባለና ብር ገባበት። ግን ትንሽ ብር። እያንዳንዱ 200 ብር ያስቀምጣል፣ ከዚያ በላይ መጨመር ክልክል ነው። በብሩ ልክ የለስላሳ ቆርኪ ይወስዳል፤ የሚሪንዳው 5 ብር፣ የኮካው 10 ብር ሆኖ ይቆጠራል። «ለአንድ ፒዛ እንኳን የማይበቃ ገንዘብ ነው ኡስታዝ። የተጣላ የለም፣ የሰከረ የለም፣ የከሰረ የለም። ይህም ቁማር ይባላል?»

መልሱን በአንድ ቃል ሰጥተን ልንሸኘው እንችል ነበር። ልጁ ግን አንዱን ቃል ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም የመጣው። ስለዚህ እኛም ተቀምጠን አስረዳን አልነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ያለው እሱ ብቻ አለመሆኑን ስላወቅንም በፈቃዱ፣ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ትተን፣ እዚህ ጻፍነው።

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታውን ባጭሩ እንንገር። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደለዋል፣ አምስት ካርታ ደግሞ መሃል ላይ ቀስ በቀስ ይገለጣል። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ያገኘ ይበላል። ካርታው ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በየተራ የግዴታ ገንዘብ መሃል ያስቀምጣሉ፤ እነሱ ቤት 5 እና 10 ብር ነው። ከዚያ በኋላ በአራት ዙር እየተጨመረ ይሄዳል፤ ያልተመቸው ካርታውን ይጥላል፣ የገባውን ብር ግን አይመልስም። «ካሽ ጌም» የሚባለው ደግሞ ቆርኪው ልክ እንደ ብር የሚቆጠርበት ነው። እንደ ውድድሩ አንድ ሰው እስኪቀር አይጠበቅም፤ ማንም በፈለገበት ሰዓት ቆርኪውን በብር ለውጦ መነሳት ይችላል። ይህችን «በፈለገበት ሰዓት መነሳት ይችላል» የምትለዋን ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

የልጁ መከራከሪያ ሦስት ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ጨዋታው የዕድል ሳይሆን የችሎታ ነው። ሁሉም ወዶና ፈቅዶ ነው የሚጫወተው።

የመጨረሻውን በቶሎ እንለፈው። ወለድ የሚበደርም ወዶ ነው፤ መፈቃቀድ ሐራሙን ሐላል እንደማያደርግ ልጁም ያውቃል። የሚያከራክረው «ትንሽ ነው» የሚለው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ቁማርን ሲከለክል በቁርኣን «መይሲር» የሚለውን ቃል ተጠቅሟል። የጃሂሊያ ዐረቦች መይሲር ምን ይመስል እንደነበር ብዙዎቻችን አናውቅም። የታወቀው ዓይነት እንዲህ ነበር፦ ግመል ይታረዳል፤ ሥጋው ይከፋፈላል፤ 10 ቀስቶች በከረጢት ውስጥ ይደባለቃሉ። ሰባቱ ድርሻ አላቸው፣ ከአንድ እስከ ሰባት። ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶ የወጣለት የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። አሁን ልብ በሉ፤ ያሸነፈው ሰው ሥጋውን ወደ ቤቱ አይወስድም ነበር፣ ለድሃ ነው የሚሰጠው። ይህንን የሚያደርጉትም በብርድና በችግር ወቅት ነበር፤ እንደ ቸርነትም ይኩራሩበት ነበር። አልጫወትም ያለውን ሰው «በረም» እያሉ፣ ማለትም ስስታም እያሉ፣ ይሰድቡት ነበር።

እንግዲህ ቁማር መጀመሪያ የተነቀፈው የተራበ የሚጠግብበት ሆኖ ሳለ ነው። ሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ ላይ አላህ በአስካሪ መጠጥና በመይሲር ውስጥ ለሰዎች ጥቅም መኖሩን ሳይክድ፣ ወንጀሉ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነገረን። ኋላ በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ፈጽሞ ራቁት ተባለ። ድሃ ያበላ የነበረው ቁማር ይህ ፍርድ ከተሰጠው፣ ማንንም የማያበላው የእኛ የቅዳሜ ማታ ቆርኪ በምን ሒሳብ ያመልጣል?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልጁን ዝም ያሰኘው ቀጣዩ አንቀጽ ነው። ማኢዳህ 91 የክልከላውን ምክንያት ይናገራል። ሰይጣን በመጠጥና በቁማር በመካከላችሁ ጠብንና ጥላቻን ሊጥል፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላት ሊያግዳችሁ እንደሚፈልግ ይነግረናል። አንቀጹን ደጋግማችሁ አንብቡት። እዚያ ላይ ስለ ኪሳራ የተነገረ የለም። ስለ ገንዘብ መጠን የተነገረ የለም። የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትማ በሌላ ቦታ፣ በሱረቱ ኒሳእ 29፣ ተከልክሏል፤ ያም የራሱ ክብደት አለው። ቁማር ለብቻው ሲነሳ የተጠቀሰው ግን ልብ ነው፣ ወንድማማችነት ነው፣ ሶላት ነው። እነዚህ ደግሞ በብር ብዛት አይለኩም። 200 ብር ብትሆንም 20 ብር ብትሆንም ወንድምህን በምን ዓይን ታየዋለህ ነው ጥያቄው።

«እኛ ግን ተጣልተን አናውቅም» አለን።

ከአምስቱ ጓደኞችህ ብዙ ጊዜ የሚበላው ማን ነው ብለን ጠየቅነው። ትንሽ አሰበና አንድ ልጅ እንዳለ ነገረን። ከሁሉም ያነሰ ደሞዝ ያለው ነው። ጨዋታው ብዙም አይገባውም፣ ቶሎ ይደነግጣል፣ ጥሩ ካርታ ሲመጣለት ፊቱ ያስታውቃል። «እሱ ከሌለ ጨዋታው አይሞቅም» አለና ሳቀ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም።

ወንድሞች፣ እዚህ ላይ ነው «ችሎታ ነው» የሚለው መከራከሪያ የተገለበጠው። ፖከር ችሎታ እንዳለበት እኛም አንክድም። በአንድ እደላ ካርታው ይወስናል፤ በዓመት ግን የሚያሸንፈው የሚያውቀው ሰው ነው። መልካም፣ እንበል ችሎታ ነው። ችሎታ ከሆነ የሚሸነፈው ሰው በየሳምንቱ አንድ ነው ማለት ነው። ያ ልጅ በየቅዳሜው በአማካይ 100 ብር ቢያጣ በዓመት 5,200 ብር ነው። ይህን ገንዘብ የወሰደው ካዚኖ አይደለም፣ የማይታወቅ የኢንተርኔት ድርጅትም አይደለም። በጁሙዓ ከጎኑ የሚሰግዱት ጓደኞቹ ናቸው። ዕድል ነው ካልክ በዕድል መብላት ነው። ችሎታ ነው ካልክ ደግሞ ከመካከላችሁ ደካማውን መርጦ መብላት ነው። የቱ ይሻላል?

ችሎታውስ ምን ዓይነት ችሎታ ነው? ልጁ ራሱ እንዳስረዳን ዋናው ነገር ካርታውን ማወቅ አይደለም። የራስህን ፊት መደበቅና የጓደኛህን ፊት ማንበብ ነው። ባዶ እጅህን ይዘህ ሙሉ እንደሆንክ ማስመሰል፤ «ብለፍ» ይሉታል። አንድ ሰው ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ሙሉ የወንድሙን ድንጋጤ ሲፈልግ አምሽቶ፣ እሑድ ያንን ፊት እንዴት አድርጎ ያየዋል? እኛ ይህን ስንሰማ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ አስፈራን።

በፊቅህ በኩልም «የችሎታ ነው» የሚለው መውጫ አይሆንም። በወሎ ኪታብ ስንቀራ ከሻፊዒይ መዝሀብ ኪታቦች የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ቼዝ ሙሉ በሙሉ የጭንቅላት ጨዋታ ነው፣ ዳይስ የለበት፣ ካርታ የለበት። እሱን እንኳን በራሱ የተጠላ ነው ካሉ በኋላ ከሁለቱም ወገን ገንዘብ ከተያዘበት ቁማር ነው ብለው አስቀምጠዋል። መለኪያው ዕድል ወይም ችሎታ መሆኑ አይደለም። ሁለቱም ገንዘብ አስይዘው አንዱ «ጋኒም» ሌላው «ጋሪም»፣ ማለትም አንዱ አትራፊ ሌላው ከፋይ ሆኖ የሚወጣበት መሆኑ ነው። በሐዲሥ ተለይተው የወጡት የፈረስና የግመል እሽቅድምድም፣ የቀስት ውርወራም ናቸው፤ ለእነሱም ሽልማቱ በምን መልክ እንደሚሰጥ ዑለማዎች ብዙ መስፈርት አላቸው። ፖከር ከእነዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ይህ የቼዝና የዳይስ ጉዳይ በሚንሃጅ ውስጥ የሚገኘው በንግድ ምዕራፍ ሳይሆን በምስክርነት ምዕራፍ ነው፤ ማለትም የማን ቃል ይታመናል፣ የማን አይታመንም በሚባልበት ቦታ። ደረሳ ሳለን ሸይኻችን እዚያ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ያዩን ነበር። ለምን እንደሆነ የገባን ዘግይቶ ነው።

ስለ ራሳችን እንንገራችሁ። ኪታብ በምንቀራበት ዘመን ኮምቦልቻ ከተማ ስንወርድ የምንቀመጥባት ሻይ ቤት ነበረች። ካርታ እንጫወት ነበር፤ ብር አንይዝም። የተሸነፈ የሁሉንም ሻይና ብስኩት ይከፍላል፣ በቃ። ቁማር ነው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ቁማርማ ብር ጠረጴዛ ላይ የሚከመርበት ነው። አንድ ቀን ከገጠር የመጣ ጓደኛችን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። ከፈለ። ሳቅንበት። እሱም ሳቀ። ያን ቀን ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት ቀን ነበር፣ የከፈለው ደግሞ የመኪናውን ነው። ማንንም ሳይጠይቅ በዝናብ በእግሩ ሄደ። እኛ ይህን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው።

ለምን አልነገረንም? የሻይ ዋጋ መክፈል አቃተኝ ብሎ ማን ይናገራል? «ትንሽ ናት» የምትለዋ ቃል ጉዷ ይህ ነው። ገንዘቡ ትልቅ ቢሆን ኖሮ «አልችልም» ለማለት አያሳፍርም ነበር። ትንሽ ሲሆን ነው አፍ የሚዘጋው። አቅም የሌለው ሰው ከትንሽ ገንዘብ ፊት እምቢ የሚልበት ፊት የለውም። «በረም» እያሉ ይሰድቡ የነበሩትን ዐረቦች አስታውሱ። እኛ ስድቡን በሳቅ ቀየርነው እንጂ ነገሩ ያው ነው።

አሁን ወደዚያች «በፈለገበት ሰዓት መነሳት ይችላል» ወደምትለዋ ሕግ እንመለስ። ሕጉ አለ፤ ግን በእርግጥ የሚነሳ አለ ወይ? ልጁን ጠየቅነው። የበላ ሰው ቶሎ ሲነሳ «ብራችንን ይዞ ሄደ» ይባላል፤ በቀልድ ነው፣ ግን ይባላል። ስለዚህ ይቆያል። የተበላውም «ልመልሳት» ብሎ ይቆያል። እንግዲህ አሸናፊውም ተሸናፊውም ታስረዋል፣ በሩ ግን ክፍት ነው። ሰዓቱ ወደ ሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ይሄዳል። ሱብሂስ አላልነውም። ራሱ አንገቱን ደፍቶ «እሑድ ሱብሂ ይከብደኛል» አለን። እዚህ ላይ ምንም መጨመር አላስፈለገንም።

ስለ ገንዘቡም ቢሆን «ትንሽ» የሚለው እንዳለ አይቆይም። ልጁ እንደነገረን በቅርቡ አንዱ ጓደኛቸው «ከቤት ለቤት ዙረት እንገላገል፣ የተመቻቸ ቦታ አለ» ብሏቸዋል። ጠረጴዛው፣ ካርታው፣ ቡናው አለ፤ የቤቱ ባለቤት ከእያንዳንዱ እደላ ጥቂት ብር ብቻ ይቆርጣል። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ስድስት ሰዎች በ200 ብር፣ ጠቅላላ 1,200 ብር። ባለቤቱ በየእደላው 5 ብር ብቻ ቢወስድ፣ በሰዓት 25 ጊዜ ቢታደል፣ በአራት ሰዓት 500 ብር ነው። ስድስቱም ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ጠረጴዛው ላይ የቀረው 700 ብር ብቻ ነው። ካርታ ሳይዝ፣ ምንም ሳያስይዝ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ባለቤቱ ነው። ልጁ ሒሳብ የተማረ ነው፤ ይህ ገባው።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን በራሳችንም በኩል የምንወቅሰው አለ። ወጣቱ ከዒሻ በኋላ የት ይሂድ? ከተማው ያዘጋጀለት ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤትና ቤቲንግ ቤት ነው። እኛ ደግሞ መስጂዱን ከዒሻ በኋላ ቆልፈን ወደየቤታችን እንገባለን። ከዚያ ጁሙዓ ሲመጣ ሚንበር ላይ ሆኖ «ወጣቱ ጠፋ» ማለት ቀላል ነው። እነዚህ ስድስት ልጆች የፈለጉት ብሩን አይደለም፤ አብሮ መሳቅን ነው። በሥራ ሲናወዙ ከርመው በሳምንት አንድ ቀን ጓደኛ ማየትን ነው። ይህ ፍላጎታቸው ንጹህ ነው፤ ሐራም የሆነው መሃል ላይ የተቀመጠው ቆርኪ ነው። ሁለቱን ሳንለይ የምንጮህ ከሆነ የሚሰማን አናገኝም።

«ታዲያ ብሩን አውጥተን ካርታውን ብቻ ብንጫወትስ?» ብሎ ጠይቆናል። ገንዘብ በሌለበት የካርታ ጨዋታ ዑለማዎች አንድ ቃል አይደሉም። ከዳይሱ ጋር አመሳስለው የከለከሉ አሉ፤ ከሶላትና ከግዴታ እስካላዘናጋ ድረስ ያቀለሉም አሉ። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፣ የኢማም ረዳት ነን፤ በዚህ ላይ የምታምኗቸውን ሸይኽ ጠይቁ። እኛ የነገርነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብሩ ሲወጣ «አይጥምም» ካላችሁ፣ የሚጥማችሁ የቱ እንደነበር አወቃችሁ ማለት ነው።

ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ መጣ። «እስከ ዛሬ የወሰድኩትስ?»

ተውባ በልብ ብቻ የሚያልቅባቸው ወንጀሎች አሉ፤ የሰው ገንዘብ የገባበት ግን ከእነሱ አይደለም። ባለቤቱ የሚታወቅ ከሆነ ለባለቤቱ መመለስ ነው፤ ባለቤቱ ከጠፋ ነው ወደ ምጽዋት የሚኬደው። ይሄ ልጅ ባለቤቱን ያውቀዋል፣ ስልኩም አለው። ትክክለኛው መጠን ከጠፋው ነፍሱ እስክትረጋ ድረስ ከፍ አድርጎ ይገምት። በቡኻሪና በሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በተዘገበው ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጓደኛውን ና ቁማር እንጫወት ያለ ሰው ሶደቃ ይስጥ ብለው አዘዋል። ልብ በሉ፣ ገና አልተጫወተም፤ ቃሉን ብቻ ነው የተናገረው። ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ «ዛሬ አለ?» ብሎ መጻፍ ምን እንደሆነ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ልጁ ሲሄድ «እንዴት ብዬ ነው ብሩን የምሰጠው? ያፍራል እኮ» አለን። እውነቱን ነው። ሲበላም ያፈረ ልጅ ሲመለስለትም ያፍራል። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም፤ የራሳችንን ነገርነው። ያ የኮምቦልቻው ጓደኛችን ዛሬ ሪያድ ነው የሚሠራው። ዓምና በረመዳን ደውለን ዐፍው ጠየቅነው፤ የዚያን ቀን የሻይ ዋጋ እንላክልህ አልነው። ሳቀ። ማን ማን እንደተጫወተ፣ ስንት እንደከፈለ አያስታውስም። ዝናቡን ግን ያስታውሳል፤ ወንዙ ሞልቶ ሰው ቤት ማደሩን ነገረን፣ እኛ ይህንን አናውቅም ነበር። «ብሩን ለእናቴ ስጡልኝ» አለ። ሄደን ሰጠናት፤ ከየት እንደመጣ አልነገርናትም።

ልጁ ይህን ሰምቶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የት እንዳመሸ አልጠየቅነውም። እሑድ ሱብሂ ላይ ግን ሁለተኛው ሶፍ ውስጥ አየነው፤ ከጎኑ አንድ የማናውቀው ልጅ ነበር።

ወላሁ አዕለም።